ያለ ኢንተርኔት ድረ ገጽ መሥራት፦ ጀማሪዎች የትኛውን ሰርቨር ይምረጡ?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ"5 ሚሊዮን ኮደርስ" የሥልጠና መርሐ ግብርን ይፋ ካደረገች ወዲህ "ኮድ መጻፍ" የሚለው ቃል ከትልልቅ ከተሞች አልፎ በወረዳ ከተሞችም የተለመደ ኾኗል። በኩታበርም ኾነ በመካነ ሰላም ትምህርቱን ለመከታተል የሚሹ ወጣቶች ቁጥር ትንሽ አይደለም። ሥልጠናው የሚሰጠው ግን በኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ደግሞ በደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ሁልጊዜ በእጅ ያለ ነገር አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚቆም ታይቷል። አገልግሎቱ ባለበት ጊዜም ቢኾን የዳታ ጥቅል ዋጋ ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም።

ይኹን እንጂ ድረ ገጽ መሥራትን ለመማር ኢንተርኔት የግድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በራስ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ አንድ ትንሽ ሰርቨር ነው። ሶፍትዌሩን አንድ ጊዜ በፍላሽ ማምጣት ከተቻለ ቀሪው ሥራ በቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ሊከናወን ይችላል። ጥያቄው ከብዙዎቹ ሰርቨሮች የትኛውን መምረጥ ይገባል የሚለው ነው።

ሰርቨር ምንድን ነው?

አንድ አርሶ አደር የመሬት ይዞታውን ጉዳይ ይዞ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲሄድ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ገብቶ መዝገብ አያነሣም። መስኮቱ ላይ ቆሞ ስሙንና ቀበሌውን ይናገራል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ፋይሉን ፈልጎ ያመጣለታል፤ ከሌለም "የለም" ይለዋል። የሰርቨር ሥራም ይኸው ነው። ባለጉዳዩ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ ያለው ብሮውዘር ሲኾን፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ደግሞ ሰርቨሩ ነው። ብሮውዘሩ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ፈልጎ ይሰጣል። ድረ ገጽ ሲከፈት አልፎ አልፎ የሚታየው 404 የተሰኘው ቁጥርም "የጠየቁት ፋይል የለም" የሚል የመዝገብ ቤት መልስ ነው።

ብዙ ሰው ሰርቨር ሲባል በትልቅ አዳራሽ የተደረደረ ውድ ማሽን ይመስለዋል። ሰርቨር ግን በመሠረቱ ጥያቄ ጠብቆ መልስ የሚሰጥ ሶፍትዌር ነው። በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጠያቂውም መላሹም ጎን ለጎን ሊሠሩ ይችላሉ። ኮምፒውተሩ ራሱን በራሱ የሚጠራበት አድራሻ "ሎካልሆስት" ይባላል፤ በቁጥር ሲጻፍ 127.0.0.1 ነው። ይህን አድራሻ በብሮውዘር ላይ የጻፈ ሰው ጥያቄው ከቤቱ አይወጣም። ስለዚህም ዳታ አይቆጥርበትም፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥበትም።

አንድ መሥሪያ ቤት ብዙ መስኮቶች እንዳሉት ሁሉ ኮምፒውተርም "ፖርት" የሚባሉ ቁጥር ያላቸው መስኮቶች አሉት። ተራ ድረ ገጾች በ80፣ ምስጢራዊነታቸው የተጠበቀው በ443፣ ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ደግሞ በ3306 ቁጥር መስኮት ይስተናገዳሉ። በአንድ መስኮት ሁለት ሠራተኛ አይቀመጥም። ጀማሪዎችን ከሚያስጨንቁ ችግሮች አንዱ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሌላ ፕሮግራም አስቀድሞ 80 ቁጥርን ከያዘ አዲሱ ሰርቨር አልነሣም ይላል። መፍትሔው ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን ሳይኾን መስኮቱን መቀየር ነው፤ ለምሳሌ 8080ን መስጠት።

ፋይሉን በቀጥታ መክፈት አይበቃም?

በኤችቲኤምኤል የተጻፈ ቀላል ገጽ ፋይሉ ላይ ሁለት ጊዜ በመጫን ብቻ ይከፈታል። ትምህርቱን በዚያው ዕለት የጀመረ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚህ የበለጠ ነገር ላያስፈልገው ይችላል። ገጹ ሥራ መሥራት ሲጀምር ግን ሁኔታው ይለወጣል።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበርን የማዳበሪያ ሥርጭት የሚመዘግብ ገጽ ለልምምድ መሥራት ፈለገ እንበል። የአርሶ አደሩ ስም፣ ቀበሌ፣ የወሰደው ዳፕና ዩሪያ በኩንታል ይሞላል፤ ከዚያም "መዝግብ" የሚለው ይጫናል። ፋይሉ በቀጥታ ከተከፈተ ቅጹ በስክሪኑ ላይ ያምራል እንጂ የተሞላውን ተቀብሎ የሚያስቀምጠው አካል የለም። በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፈ ትእዛዝም ያለ ሰርቨር ሲከፈት አይሠራም፤ ጽሑፉ እንዳለ ሊታይ ወይም ፋይሉ "ልውረድ" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የአንዳንድ ጃቫስክሪፕት ሥራዎችም በቀጥታ በተከፈተ ፋይል ላይ በብሮውዘሩ ይታገዳሉ። ሰርቨር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ዓይነት ምርጫዎች

የመጀመሪያው ምርጫ ከፕሮግራሚንግ ቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣው ትንሽ ሰርቨር ነው። ፓይተን የተጫነበት ኮምፒውተር "ኤችቲቲፒ ሰርቨር" የተሰኘ ክፍል አስቀድሞ በውስጡ አለ። በትእዛዝ መጻፊያው መስኮት በአንድ መስመር ይነሣል፤ ሌላ ቁጥር ካልተሰጠውም በ8000 ፖርት ላይ ይቆማል። አብዛኞቹ የሊነክስ ዓይነቶች ፓይተን ተጭኖባቸው ስለሚመጡ ተጨማሪ ማውረድ አይጠይቁም። ፒኤችፒም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ከወጣው 5.4 እትም ጀምሮ የራሱ የልምምድ ሰርቨር አለው። እነዚህ ሁለቱ ቀላል ናቸው፤ ሲዘጉም ምንም ነገር ትተው አይሄዱም። የፓይተኑ ግን ፋይል ከማቅረብ ያለፈ ሥራ በራሱ አይሠራም፤ ቅጽ ተቀብሎ መመዝገብ ከተፈለገ ተጨማሪ ኮድ መጻፍ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምርጫ ብዙ ነገር በአንድ ጥቅል ይዞ የሚመጣው ነው። ዛምፕ የተባለው በዚህ ረገድ በሰፊው የታወቀ ነው። አፓቺ የተሰኘውን ሰርቨር፣ ማሪያዲቢ የተባለውን የመረጃ ቋት፣ ፒኤችፒንና ፐርልን አንድ ላይ ይጭናል። በዊንዶውስ፣ በሊነክስና በማክ ይሠራል፤ ያለ ክፍያም ይገኛል። ለማስነሣትና ለማቆም የሚያስችል የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ስላለው የትእዛዝ መስኮት ለሚያስፈራው ሰው ይመቻል። ተማሪው የሠራውን ፋይል "ኤችቲዶክስ" በተባለው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በሎካልሆስት ይከፍተዋል። ዋምፕሰርቨርና ላራጎን ተመሳሳይ ጥቅሎች ሲኾኑ የሚሠሩት በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ዋምፕሰርቨር ከመጫኑ በፊት የማይክሮሶፍት ተጨማሪ ፋይሎችን ስለሚፈልግ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ጥቅሉን ብቻ ይዞ መምጣት ሥራውን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ላራጎን ቀለል ያለና ፈጣን ነው፤ የፈቃዱ ሁኔታ ከእትም እትም ስለሚለያይ ግን ከማውረድ በፊት ማየት ይገባል።

ሦስተኛው ምርጫ የድረ ገጽ መሥሪያ ሳይኾን የዕውቀት ማከፋፈያ ነው። ኪዊክስ የተሰኘው ነጻ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያንና ሌሎች የትምህርት ስብስቦችን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ኮሊብሪ ደግሞ ቪዲዮና መልመጃ ያላቸውን ትምህርቶች በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ለሌሎች ያዳርሳል። ሥዕሎችን ጨምሮ ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ የአማርኛው ግን እጅግ ትንሽ በመኾኑ በተራ ፍላሽ ይያዛል። ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ከእነዚህ ይጠቀማል። አንዳቸውም ግን ኮድ ለሚለማመድ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓይነቶች አይተኩም።

ምርጫው በምን ይወሰን?

ብዙ ጀማሪዎች "ከሁሉ የተሻለው የትኛው ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ትክክለኛው ጥያቄ "ለያዝሁት ማሽንና ለምሠራው ሥራ የሚበቃው የትኛው ነው?" የሚለው ነው። ኤችቲኤምኤል ብቻ የሚማር ሰው የመረጃ ቋት ያለው ጥቅል ቢጭን ነገሩ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ይኾንበታል። ማሽኑ ይከብዳል፤ የማያውቃቸው የስሕተት መልእክቶች ይመጡበታል፤ ችግሩ የራሱ ኮድ ይኹን የሰርቨሩ መለየትም ይሳነዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በፓይተን ወይም በፒኤችፒ ትንሽ ሰርቨር መጀመር ይመከራል። ጥያቄ እንዴት እንደሚመጣና መልስ እንዴት እንደሚሄድ በትእዛዝ መስኮቱ ላይ መስመር በመስመር ስለሚታይ ትምህርቱ ግልጽ ይኾናል። እንደ ማዳበሪያው መዝገብ ያለ መረጃ የሚያስቀምጥ ሥራ ሲመጣ ወደ ዛምፕ መሸጋገር ተገቢ ነው።

የኮምፒውተሩም ዕድሜ መታየት አለበት። በትምህርት ቤቶችና በቤት ውስጥ ያሉ ብዙ ማሽኖች ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ናቸው። በእነዚህ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው የፓይተን እትም 3.8 ነው፤ ከዚያ በኋላ የወጣውን ከደሴ ድረስ በፍላሽ ይዞ መመለስ ትርፉ ድካም ነው። የዛምፕ የቅርብ ዓመታት የዊንዶውስ እትሞችም ለ64 ቢት ኮምፒውተሮች ብቻ የተዘጋጁ ናቸው። ከመነሣት በፊት የኮምፒውተሩን የዊንዶውስ ዓይነትና የቢት ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝ የአንድ ቀን መንገድ ያድናል። በደሴና በኮምቦልቻ ባለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ካምፓስ የሚማር ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው ትክክለኛውን ፋይል ማስመጣት አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ምን እንደሚያስመጣ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

መብራት ሲጠፋ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አቅራቢያ ባለው ሰርን የምርምር ማዕከል የዓለምን የመጀመሪያ የዌብ ሰርቨር ሲያስነሣ ኮምፒውተሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማሳሰቢያ ተለጥፎበት ነበር፤ ማሽኑ ሰርቨር ስለኾነ ማንም እንዳያጠፋው የሚያስጠነቅቅ። በወረዳ ከተሞች ግን ማሽኑን የሚያጠፋው ሰው ብቻ አይደለም። መብራት ሳይታሰብ ይሄዳል።

ተራ ፋይሎችን ብቻ የሚያቀርብ ሰርቨር በዚህ ብዙም አይጎዳም፤ መብራት ሲመለስ እንደገና ይነሣል። የመረጃ ቋት ግን በመጻፍ ላይ ሳለ ኀይል ከተቋረጠ ሊበላሽ ይችላል። በዛምፕ ተጠቃሚዎች ዘንድ እጅግ የተለመደው ስሕተት "ማይኤስኪውኤል ሳይጠበቅ ቆሟል" የሚለው መልእክት ሲኾን፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱ ነው።

መከላከያው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ካለ የመረጃ ቋቱን ሥራ በእርሱ ላይ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራ ሲያበቃ የመረጃ ቋቱን ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳው አቁሞ ኮምፒውተሩን መዝጋት ይገባል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ፒኤችፒ ማይአድሚን በተባለው ገጽ "ኤክስፖርት" የሚለውን በመጠቀም መረጃውን በየቀኑ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። ብዙ መረጃ ለሌለው ሥራ ኤስኪውላይት የተሰኘውን፣ ሁሉን ነገር በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ የመረጃ ቋት መምረጥም ይቻላል፤ ፋይሉን መገልበጥ ማለት መረጃውን ሙሉ በሙሉ ማዳን ማለት ነውና።

የአማርኛ ፊደልና የሀገር ሰዓት

የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ዛሬ አማርኛ በየትኛውም ሰርቨር ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ፋይሉ፣ ገጹና የመረጃ ቋቱ ሦስቱም ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ ከተስማሙ። አንዱ ከተለየ "ኩታበር" ተብሎ የተጻፈው አራት የጥያቄ ምልክት ኾኖ ይወጣል። በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ኖትፓድ ፋይሉን ሲያስቀምጥ ዩቲኤፍ-8 እንዲኾን ካልተመረጠለት ፊደሉን ያጠፋዋል፤ የጠፋው ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ከመጻፍ በፊት አንዲት የአማርኛ ቃል አስቀምጦ፣ ዘግቶና እንደገና ከፍቶ መሞከር ይገባል።

ሰዓትም ሌላው ወጥመድ ነው። በዛምፕ ውስጥ ያለው ፒኤችፒ ሲጫን የሰዓት ክልሉ በበርሊን የተሞላ ነው። ካልተለወጠ የምዝገባው ሰዓት ከአዲስ አበባ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያም በላይ ሰርቨሩ የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ዘመንና ከእኩለ ሌሊት በሚጀምር ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማዳበሪያ የወሰደ አርሶ አደር በመዝገቡ ላይ 9 ሰዓት ተብሎ ይነበባል። የሰዓት ክልሉን ወደ አዲስ አበባ መቀየርና ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመልስ ስሌት መጻፍ ለጀማሪ ጥሩ የመጀመሪያ ፈተና ነው፤ ውጤቱም ለአካባቢው ሰው ወዲያውኑ የሚጠቅም ነው።

ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ክፍሉ ሁሉ

በአንድ ላፕቶፕ ላይ የተነሣ ሰርቨር ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የስልክ ሆትስፖት ዳታ ባይኖረውም ላፕቶፑንና ሌሎች ስልኮችን በቅርብ ርቀት ያገናኛል። ላፕቶፑ በዚህ ግንኙነት የሚያገኘው አድራሻ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ነው። ይህን ቁጥርና የፖርቱን ቁጥር በስልካቸው ብሮውዘር ላይ የጻፉ ተማሪዎች ገጹን ማየት ይችላሉ። ካልከፈተ አብዛኛውን ጊዜ የሚከለክለው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። የፒኤችፒው ትንሽ ሰርቨር ደግሞ በሎካልሆስት ስም ከተነሣ ለሌላ ማሽን መልስ አይሰጥም፤ ለኔትወርኩ ክፍት ኾኖ እንዲነሣ በትእዛዙ ሊነገረው ይገባል።

በዚህ መንገድ አንድ መምህር የዕለቱን ማስታወሻ፣ መልመጃና ሥዕል ለክፍሉ ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። የሚጠፋው የባትሪ ኀይል እንጂ የዳታ ብር አይደለም።

ሊዘነጋ የማይገባው ጥንቃቄ

የልምምድ ሰርቨር እንደ ችግኝ መደብ ነው። በመደብ ላይ የተፈላ ችግኝ ይታያል፣ ይታረማል፣ ይጠነክራል፤ ሰብል የሚጠበቀው ግን ከማሳው ነው። ዛምፕ ሲጫን የመረጃ ቋቱ ዋና ተጠቃሚ የይለፍ ቃል የለውም፤ ይህም ለልምምድ እንዲመች ታስቦ የተደረገ ነው። የፓይተኑ ሰርቨርም በተነሣበት ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ በኔትወርኩ ላሉ ሰዎች ያሳያል። የቤተሰብ ፎቶግራፍና የግል ሰነድ ባለበት ፎልደር ላይ ማስነሣት ቤትን ክፍት ትቶ ገበያ እንደመሄድ ነው። ለልምምድ ብቻ የተዘጋጀ ባዶ ፎልደር ያስፈልጋል።

በተለይ እውነተኛ የአርሶ አደሮች ስም፣ የስልክ ቁጥርና የይዞታ መረጃ በጀማሪ ሰርቨር ላይ መቀመጥ የለበትም። ልምምዱ በተፈጠሩ ስሞች ይሠራል። አንድ ማኅበር በእውነት ወደ ኮምፒውተር ምዝገባ መሸጋገር ቢፈልግ ሥራው በባለሙያ ሊታይ ይገባል፤ እስከዚያም የወረቀት መዝገቡ ከጎን መቀጠል አለበት። የጠፋ ገጽ እንደገና ይጻፋል፤ ማን ስንት ኩንታል እንደወሰደ የሚያሳየው መዝገብ ከጠፋ ግን የሚቀረው በጎረቤታሞች መካከል ክርክር ነው።

ሶፍትዌሩንም ከአዘጋጆቹ ትክክለኛ ገጽ የወረደ መኾኑን ማረጋገጥና ፍላሹን በጸረ ቫይረስ መፈተሽ ያስፈልጋል። በእጅ በእጅ የሚዞር ፍላሽ ከሶፍትዌሩ ጋር ቫይረስም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በዚህ መልክ የተጀመረ ሥራ ኢንተርኔት በተመለሰ ጊዜ አይባክንም። በሎካልሆስት ላይ የተሠራው ገጽ ፋይሎቹ ተገልብጠው፣ የመረጃ ቋቱ ወጥቶ፣ የይለፍ ቃሎቹም ተሟልተው በኪራይ ሰርቨር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። የሀገሪቱን የኢንተርኔት አድራሻ መጠሪያ ለሚፈልግም ኢትዮ ቴሌኮም ይመዘግባል። እስከዚያ ድረስ ግን ኔትወርኩን መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ዛሬ ማታ አንድ ፎልደር ከፍቶ፣ አንድ የአማርኛ ገጽ ጽፎ፣ በ127.0.0.1 ላይ ማየት ይቻላል። መብራት ቢጠፋም ነገ ከቆመበት ይቀጥላል፤ ለጀማሪ የሚመረጠውም ሰርቨር ወድቆ በቀላሉ የሚነሣው ነው።